በአይጥ ላይ የበራ ነጥብ ምን ይመሰክራል? አዲስ ጠቋሚ ሞለኪውል በምስል የሚፈተንበት መንገድ

አዲስ የተሠራ ጠቋሚ ሞለኪውል ለመጀመሪያ ጊዜ በአይጥ ጅራት ደም መልስ ገባ እንበል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አይጧ ከሰውነት የሚወጣን ጨረር በሚያነሳው፣ ፔት በተባለው ካሜራ ስትነሳ ትከሻዋ ላይ ያለው የካንሰር ዕጢ ቦግ ብሎ ይታያል። ምስሉ ያምራል፤ ያየውን ሁሉ ያሳምናል። ይሁን እንጂ ካሜራው ያየው ጨረሩን ነው እንጂ ሞለኪውሉን አይደለም። ጨረሩን ተሸክሞ ዕጢው ውስጥ የተቀመጠው በጥንቃቄ የተሠራው ሞለኪውል ይሁን ወይስ ከእሱ የተገነጠለ ስባሪ ከምስሉ ብቻ አይታወቅም። ዒላማውን ጨብጦ ይቀመጥ ወይስ ከሚያፈሱ የዕጢው ደም ሥሮች ሾልኮ መውጫ ይጣ፣ ይህም አይታወቅም። አዲስ ጠቋሚን መገምገም ማለት እነዚህን ሌሎች ማብራሪያዎች አንድ በአንድ ፈትኖ ውድቅ ማድረግ ነው።

ጠቋሚው ከምን ይሠራል

አንድ ጠቋሚ ዒላማውን የሚያውቅ ክፍል እና ከሰውነት ውጭ የሚታይ ምልክት የሚሰጥ ክፍል አለው። የመጀመሪያው መድኃኒት መሰል ትንሽ ሞለኪውል፣ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ወይም ሙሉ ፀረ እንግዳ አካል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ፣ ማለትም ጨረር የሚያወጣ አቶም፣ ወይም ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ ፍሎረሰንት ቀለም ነው። ምልክቱ እንደ ጋሊየም ያለ ብረት ከሆነ ብረቱን አቅፎ የሚይዝ፣ ኬሌተር የሚባል ቀለበት መሰል ክፍል በመካከል ይገባል።

አይሶቶፑ የሚመረጠው በሞለኪውሉ ፍጥነት ልክ ነው። ትንሽ ፔፕታይድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዒላማውን አግኝቶ ትርፉ በኩላሊት ይወጣል፤ ስለዚህ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 110 ደቂቃ የሆነው ፍሎሪን-18 ወይም 68 ደቂቃ የሆነው ጋሊየም-68 ይበቃዋል። ፀረ እንግዳ አካል ግን ለቀናት በደም ውስጥ ይዞራል፤ ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ለእሱ 78 ሰዓት የሚቆየው ዚርኮኒየም-89 ይስማማዋል። ካርቦን-11 በ20 ደቂቃ ስለሚጋመስ አይሶቶፑ ከሚመረትበት ሳይክሎትሮን አጠገብ ላሉ ብቻ የሚሆን ነው፤ በአንጻሩ በዚያው ቀን በዚያችው አይጥ ላይ ሁለተኛ ሙከራ ማድረግ ያስችላል።

ሰው ላይ ቸል የሚባል ነገር አይጥ ላይ ትልቅ ይሆናል። ከአይሶቶፑ የሚወጣው ፖዚትሮን የተባለ ቅንጣት ኤሌክትሮን አግኝቶ እስኪጠፋ ድረስ ጥቂት ይጓዛል፤ ካሜራው የሚመዘግበው የጠፋበትን ቦታ ነው። ይህ ጉዞ በውሃ ውስጥ ለፍሎሪን-18 በአማካይ 0.6 ሚሊሜትር ያህል፣ ለጋሊየም-68 ደግሞ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአይጥ ኩላሊት ርዝመቱ 1 ሴንቲሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ፣ አንድን ሞለኪውል በፍሎሪን እና በጋሊየም አስነስቶ የምስሎቹን ጥራት ማወዳደር ሞለኪውሎቹን ማወዳደር እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል።

አይጥ ከመነካቷ በፊት

እንስሳ ላይ ከመሞከር በፊት በጠረጴዛ ላይ የሚያልቁ ፈተናዎች አሉ። እነዚህን ዘሎ ወደ አይጥ መሄድ ገንዘብንም ነፍስንም ማባከን ነው። ራስል እና በርች በ1959 ያስቀመጡት መርህ፣ ማለትም እንስሳን በሌላ መተካት፣ ቁጥርን መቀነስ እና ስቃይን ማቅለል፣ ሥራ ላይ የሚውለው ከሁሉ በፊት እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ንጽህና ነው። ከጠቅላላው ጨረር ቢያንስ 95 በመቶው በትክክለኛው ሞለኪውል ላይ መሆኑ የቅይጥን ክፍሎች በሚለያየው መሣሪያ፣ በኤችፒኤልሲ፣ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ጠቋሚው ከሰውም ከአይጥም ሴረም (ከደም ከተለየ ፈሳሽ) ጋር በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቀምጦ በየተወሰነ ሰዓት ናሙና ይወሰዳል፤ ምን ያህሉ ሳይፈርስ እንደቆየ ይታያል። ስብ ወዳድነቱ ኦክታኖል በተባለ ቅባት መሰል ፈሳሽ እና በውሃማ ቅይጥ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል በማየት ይለካል። እጅግ ስብ ወዳድ የሆነ ሞለኪውል ዒላማ ይኑርም አይኑር ሁሉም ቦታ ይጣበቃል፤ የስሪንጁን ፕላስቲክ ጨምሮ።

ከዚያ የመያያዝ ጥንካሬው ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች ኬዲ የተባለውን ቁጥር፣ ማለትም ከዒላማዎቹ ግማሹ የሚያዙበትን የጠቋሚ ክምችት፣ ብቻ ያያሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥብቅ ነው ይባላል። ለብቻው ግን ምንም አይነግርም። የሚያስፈልገው ዒላማው በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ክምችት ለኬዲ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ክምችቱ 10 ናኖሞላር፣ ኬዲው 1 ናኖሞላር ከሆነ ውጤቱ 10 ይሆናል፤ ለመነሻ ጥሩ ነው። ክምችቱ 1 ናኖሞላር ለሆነ ብርቅ ዒላማ ግን ያው ሞለኪውል ውጤቱ 1 ብቻ ስለሚሆን ከጀርባው ካለው ብዥታ ተለይቶ መታየቱ አጠራጣሪ ነው።

ትንሽ አካል፣ ትልቅ ስሌት

ብዙ ሙከራ ሳይታወቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ጠቋሚ ሞለኪውል ዒላማውን ማየት እንጂ መሙላት የለበትም። በጣም ብዙ ሞለኪውል ከገባ ሪሴፕተሮቹ፣ ማለትም ጠቋሚው የሚይዛቸው ዒላማዎች፣ ይሞላሉ፤ ቦታ ያጡት እንደገና በደም ይዞራሉ፤ ዕጢው ይደበዝዛል። ችግሩ በመርፌ የሚገባው ሁሉ ምልክት የታሰረበት አለመሆኑ ነው። አብዛኛው ምልክት የሌለው፣ ነገር ግን ያንኑ ሪሴፕተር የሚይዝ ሞለኪውል ነው። በአንድ ማይክሮሞል ላይ ያለው የጨረር መጠን ሞላር አክቲቪቲ ይባላል።

እናስላው። ሞላር አክቲቪቲው በማይክሮሞል 50 ጊጋቤክሬል ነው (ቤክሬል የጨረር መለኪያ ነው፤ አንድ ጊጋ 1000 ሜጋ ነው)፤ ለአይጧ 5 ሜጋቤክሬል ሰጠናት። ይህ 100 ፒኮሞል ሞለኪውል ማለት ነው። ዕጢዋ 100 ሚሊግራም ይመዝናል፤ የሪሴፕተሩ ክምችት 10 ናኖሞላር ነው። በጠቅላላ ያላት ሪሴፕተር 1 ፒኮሞል ብቻ ሆነ። ዕጢው በግራም 5 በመቶውን ቢወስድ፣ ለ100 ሚሊግራም 0.5 በመቶ ይደርሳል፤ ያም 0.5 ፒኮሞል ነው። ገና ከመጀመሪያው ከሪሴፕተሩ ግማሹ ተይዟል።

ለሰው እናስላው። 300 ሜጋቤክሬል በዚያው ሞላር አክቲቪቲ 6 ናኖሞል ነው፤ ለ70 ኪሎ ሰው በኪሎ 0.086 ናኖሞል ይደርሳል። 25 ግራም ለምትመዝነው አይጥ ግን በኪሎ 4 ናኖሞል ደርሷታል፤ ወደ 47 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ላይ በደንብ የሚሠራ ጠቋሚ አይጥ ላይ ደካማ መስሎ ሊጣል ይችላል፤ ጥፋቱ የሞለኪውሉ ሳይሆን የመጠኑ ሆኖ ሳለ።

ሰዓቱ ደግሞ ይጨመርበታል። ፍሎሪን-18 በ110 ደቂቃ ስለሚጋመስ ጠዋት 50 የነበረው ሞላር አክቲቪቲ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው 25 ይሆናል። ሁለተኛዋ አይጥ ያንኑ 5 ሜጋቤክሬል እንድታገኝ 200 ፒኮሞል መውሰድ አለባት። ባልታከሙት አይጦች ጀምሮ በታከሙት የሚጨርስ ቡድን፣ መድኃኒቱ ምንም ባያደርግ እንኳ «ሕክምናው ሪሴፕተሩን ቀነሰ» የሚል ውጤት ያገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የአይጦቹ ተራ በዕጣ ይደባለቅ፣ ለእያንዳንዷ አይጥ ከሜጋቤክሬሉ ጎን የገባው ናኖሞል ይጻፍ። ሁለተኛው ቁጥር የሌለበትን መረጃ ማንም በእርግጠኝነት ሊተረጉመው አይችልም።

የአይጧ ሁኔታ ውጤቱን ይቀይራል

አይጥ ብርድ የማይሰማት የአየር ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሰው ምቹ በሆነ 21 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሙቀት ለማመንጨት ቡናማ ስቧን ታቃጥላለች። የስኳር ጠቋሚ የሆነው ኤፍዲጂ ለዚህች አይጥ ቢሰጥ በትከሻዎቿ መካከል ያለው ቡናማ ስብ እና ጡንቻዋ ቦግ ይላሉ፤ ለዕጢው የሚደርሰው ያንሳል። ስለዚህ ከመርፌው ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ጀምሮ ምስሉ እስኪያልቅ ድረስ ትሞቃለች። ለኤፍዲጂ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምግብ ይከለከላል፤ ውሃ ግን አይከለከልም። የደም ስኳሯን በአንድ ጠብታ ለክቶ መመዝገብም ይገባል።

ማደንዘዣው አብዛኛውን ጊዜ አይሶፍሉሬን ነው፤ ለማስተኛት ከ3 እስከ 4 በመቶ፣ ከተኛች በኋላ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ። እሱም ቢሆን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ልብ የሚወስደውን ኤፍዲጂም ይጨምራል። ኬታሚን ከዛይላዚን ጋር ሲሰጥ ስኳሩን ይበልጥ ያሻቅበዋል። ሁሉንም አይጦች በአንድ ዓይነት ማደንዘዣ፣ ለእኩል ጊዜ ማቆየት ግድ ነው። የተኛች አይጥ የሰውነት ሙቀቷ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወርድ፣ ሙቀቷን እየለካ 37 ዲግሪ አካባቢ የሚጠብቅ አልጋ ያስፈልጋል። ትንፋሿም አብሮ ይታያል።

መርፌው

የጅራት ደም መልሶች በጅራቷ ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ጅራቷ በሞቀ ውሃ ወይም በሙቀት መብራት ሲሞቅ ደም ሥሩ ይሰፋል። ውሃው ከ40 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ቀጭን የኢንሱሊን መርፌ ይበቃል። ለ25 ግራም አይጥ በአንድ ጊዜ የሚገባው ከ100 እስከ 125 ማይክሮሊትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ በሰውነቷ ያለው ደም በሙሉ 2 ሚሊሊትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። በቅይጡ ውስጥ አልኮል ካለ 10 በመቶ ባይበልጥ፣ አሲድነቱም ለደም የቀረበ ቢሆን ይመረጣል።

ስሪንጁ ከመርፌው በፊትና በኋላ በጨረር መለኪያ ይለካል፤ የሁለቱ ልዩነት፣ በሰዓት ልዩነታቸው ተስተካክሎ፣ የገባው መጠን ነው። ስብ ወዳድ ጠቋሚ በስሪንጁ ግድግዳና በቱቦው ውስጥ ብዙ ስለሚያስቀር «ስሪንጁ ባዶ ሆኗል» ብሎ መለኪያውን መዝለል አይቻልም። የመለኪያው፣ የካሜራው እና የናሙናን ጨረር የሚቆጥረው የጋማ ቆጣሪ ሰዓቶች አንድ ዓይነት መሆናቸውን በየጠዋቱ ማየት ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የ3 ደቂቃ መዛነፍ ፍሎሪን-18 ላይ 2 በመቶ፣ ካርቦን-11 ላይ ግን 10 በመቶ የሚጠጋ ስህተት ያመጣል።

ከሁሉ የሚከፋው መርፌው ከደም ሥሩ ወጥቶ ጠቋሚው ጅራቱ ሥጋ ውስጥ ሲቀር ነው። የተረፈው ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ የጊዜ ስሌቱ ሁሉ ይፋለሳል። ጅራቱ ከምስሉ ውጭ ከሆነ ይህ ጭራሽ አይታወቅም። ስለዚህ ጅራቱ በምስሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልተቻለም ተቆርጦ ይቆጠር። ከገባው ውስጥ ስንት በመቶው ጅራት ላይ ቢቀር አይጧ ከጥናቱ እንደምትወጣ፣ ለምሳሌ 10 በመቶ ተብሎ፣ ሙከራው ሳይጀመር መጻፍ አለበት። ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚወሰን ገደብ ራስን ማታለል ነው።

ከምስል ወደ ቁጥር

አዲስ ጠቋሚ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አይጦች ከመርፌው ቅጽበት ጀምሮ ለ60 ወይም ለ90 ደቂቃ ያለማቋረጥ ቢነሱ ይመረጣል። መጀመሪያ ላይ ክፈፎቹ የ5 ወይም የ10 ሰከንድ ይሁኑ፤ የአይጥ ልብ በደቂቃ 500 ጊዜና ከዚያ በላይ ስለሚመታ ጠቋሚው በሰከንዶች ውስጥ ይሰራጫል። የዚህ ፊልም ጥቅም ዕጢው ጠቋሚውን ይዞ መቆየቱን ወይም እንደ ደም አብሮ መውረዱን ማሳየቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለቀሩት አይጦች በየትኛው ደቂቃ ላይ አንድ ምስል ማንሳት እንደሚበቃ ይታወቃል።

በምስሉ ላይ የሚሰመረው ክልል በሦስቱም አቅጣጫ፣ በተቻለ መጠን የአካልን ቅርጽ በሚያሳየው የሲቲ ምስል ላይ ይሰመር። በፔቱ ላይ ብሩህ የሆነውን ብቻ እየተከተሉ ማስመር መልሱን ከጥያቄው ጋር ማደባለቅ ነው። ነጠላውን ከፍተኛ ነጥብ መውሰድ ደግሞ ጫጫታውን መለካት ይሆናል።

ትልቁ ወጥመድ የአካሉ ማነስ ነው። የትንንሽ እንስሳት ፔት ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ድረስ ይለያል። ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያልበለጠ ነገር ጨረሩ ወደ ዙሪያው ስለሚፈስስ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይነበባል። 100 ኪዩቢክ ሚሊሜትር የሆነ ክብ ዕጢ ስፋቱ 5.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በሕክምና ወደ 20 ሲወርድ 3.4 ይሆናል። በሁለቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ግራም ያለው ጠቋሚ እኩል ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ደብዝዞ ይታያል። ካሜራው ምን ያህል እንደሚያሳንስ የሚለካው ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆኑ ዘንጎች ባሉት፣ ኔማ ኤንዩ 4 በተባለው የ2008 መለኪያ በተቀመጠው ፋንተም፣ ማለትም በካሜራ መፈተኛ ዕቃ፣ ነው። ሲገለበጥም ይሠራል፤ ከኩላሊትና ከሽንት ፊኛ የሚፈስሰው ብርሃን አጠገቡ ያለውን ደካማ አካል ያደምቀዋል። ዕጢን ከወገብ ይልቅ ትከሻ ላይ ማሳደግ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መለኪያው ክፍል አንድ ቃል፦ ውጤቱ ብዙ ጊዜ «ከገባው በመቶ፣ በግራም» ተብሎ ይጻፋል። 25 ግራም በሆነች አይጥ ውስጥ ጠቋሚው በእኩል ቢበተን በግራም 4 በመቶ ይሆናል። በሕክምናው ከስታ 20 ግራም የሆነችው ግን 5 በመቶ ታሳያለች፤ ዕጢው ላይ ምንም ሳይለወጥ። የሰውነት ክብደት ከተለወጠ ክብደትን የሚያካትተው ኤስዩቪ የተባለ መለኪያ ይሻላል፤ የተሻለው ግን ሁለቱንም መጻፍ ነው።

ዒላማውን ይዞ መሆኑን ማረጋገጥ

የታወቀው ፈተና ምልክት የሌለውን ሞለኪውል አብዝቶ፣ ለምሳሌ 100 እጥፍ፣ መስጠት ነው። ሪሴፕተሩ ከተሞላ ዕጢው መደብዘዝ አለበት። ካልደበዘዘ ብሩህ የነበረው በዒላማው ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ዒላማው በሌላም አካል ውስጥ ካለ ይህ ፈተና ያሳስታል፤ ሌላው አካልም ስለሚሞላ በደም የሚዞረው ጠቋሚ ይበዛል፤ ዕጢው ከዚያ ስለሚጠጣ መቀነሱ ይሸፈናል። የፕሮስቴት ካንሰር ዒላማ የሆነው ፒኤስኤምኤ በአይጥ ኩላሊት ውስጥ በብዛት መገኘቱ ለዚህ ምሳሌ ነው። ስለዚህ የዕጢውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የዕጢ እና የደም ጥምርታን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ዒላማው ያለበትንና የሌለበትን ዕጢ በአንዲት አይጥ ግራና ቀኝ ማሳደግ ነው። ሁለቱ ከአንድ የሕዋስ ዘር የመጡ ሆነው በዒላማው ብቻ ቢለያዩ ማስረጃው ይጠነክራል፤ ለፒኤስኤምኤ ፒሲ-3 ፒፕ እና ፒሲ-3 ፍሉ የሚባሉት ጥንዶች ለዚህ ያገለግላሉ። ዕጢዎቹ በመጠን መቀራረብ አለባቸው፤ ያደገው ዕጢ መሃሉ ይሞታል፣ የደም ሥሩም ይለያል። ሦስተኛው የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የተበወዘ፣ ክብደቱ ግን ያው የሆነ ፔፕታይድ፣ ወይም ዒላማ የሌለው ፀረ እንግዳ አካል መስጠት ነው። ለፀረ እንግዳ አካል ይህ አይዘለልም፤ የዕጢ ደም ሥሮች ስለሚያፈሱ ማንኛውም ትልቅ ሞለኪውል እዚያ ይጠራቀማል።

ከጡንቻ ጋር ብቻ ተወዳድሮ «ዕጢው 8 እጥፍ በራ» የሚል ውጤት ሲቀርብ ጥርጣሬ ይገባል። ጡንቻ ደሙ ትንሽ ስለሆነ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ማንኛውም ደም የበዛበት አካል ያበራል።

ስባሪው የሚያድርበት ቦታ

ጠቋሚው ሲፈርስ አይሶቶፑ የት እንደሚሄድ ስለሚታወቅ የሰውነት አካላት ራሳቸው ምስክር ይሆናሉ። የተገነጠለ ፍሎራይድ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ የራስ ቅል፣ አከርካሪና መገጣጠሚያ ቀስ በቀስ ሲደምቁ ሞለኪውሉ ፍሎሪኑን እየጣለ ነው። ለአንጎል ጠቋሚ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ የራስ ቅሉ ብርሃን ወደ አንጎል ቅርፊት ይፈስሳል። ዚርኮኒየምም ከኬሌተሩ ሲያመልጥ ማረፊያው አጥንት ነው። አዮዲን ወደ ታይሮይድና ጨጓራ ይሄዳል፤ ፐርቴክኒቴት የተባለው የቴክኒሺየም ዓይነትም እንዲሁ። ነፃ ጋሊየም ትራንስፈሪን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ በደም ሲዞር ይቆያል። ኮፐር-64 ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ሳንባ ከተጠበቀው በላይ ቢያበራ በቀጫጭን ደም ሥሮች የሚሰነቀሩ የሞለኪውል ጓጎሎች ቅይጡ ውስጥ እንዳሉ፣ ጉበትና ጣፊያ አብረው ቢያበሩ ደግሞ ከነሱ ያነሱ፣ ኮሎይድ የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንዳሉ ይጠረጠራል።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው የደምና የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ነው። በ5፣ በ15 እና በ30 ደቂቃ ደም ይወሰዳል፤ ፕሮቲኑ በአሴቶናይትራይል ይወገዳል፤ የቀረው በኤችፒኤልሲ ይለያል። ከአንዲት በሕይወት የምትቆይ አይጥ በአንድ ጊዜ ሊወሰድ የሚችለው ከደሟ 10 በመቶ፣ 200 ማይክሮሊትር የማይሞላ ስለሆነ ለየሰዓቱ የተለየች አይጥ ያስፈልጋል። የፕላዝማው ብቻ አይበቃም፤ የዕጢው ወይም የአንጎሉ ቁራጭም ተፈጭቶ መታየት አለበት።

በመጨረሻም ምስሉ በሚዛን ይመሳከራል። ከ4 እስከ 5 አይጦች ያሉት ቡድን በየተወሰነው ሰዓት ተሰውቶ እያንዳንዱ አካል ይመዘናል፤ በጋማ ቆጣሪም ይቆጠራል። የምስሉና የቆጣሪው ቁጥር በትልልቅ አካላት ላይ ካልተቀራረበ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የካሜራው መለኪያ ወይም የሰዓት ልዩነት ነው። በትንንሾቹ ላይ ብቻ ከተለያየ ቀደም ሲል የተባለው የብርሃን መፍሰስ ነው።

በብርሃን ለሚሠሩ

የፍሎረሰንስ ጠቋሚ ጨረር የለውም፤ ርካሽና ፈጣን ነው። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይመቻል። ቁጥሩን ግን ከፔቱ ጋር እኩል ማመን አይገባም። ብርሃን በሥጋ ውስጥ ሲያልፍ ይዋጣል፣ ይበተናልም፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ650 እስከ 900 ናኖሜትር የሆነው የተሻለ ያልፋል፣ ያም ቢሆን በጥልቀት በሚጨመረው በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ይደክማል። ከቆዳ ሥር ያለ ዕጢና ጉበት ውስጥ ያለ ዕጢ በብሩህነት አይወዳደሩም። ፀጉሩ ይላጫል፤ ጥቁር አይጥ ከሆነች ቆዳዋም ብርሃን ይውጣል። አንጀቷ በራሱ የሚያበራ ከሆነ መኖዋን ማየት ነው፤ አልፋልፋ ያለበት መኖ ክሎሮፊል ስላለው በቀይ ብርሃን ክልል ያበራል፤ ከምስሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ አልፋልፋ ወደሌለበት የተጣራ መኖ ይቀየራል። ቀለሙ ራሱ ትንሽ ፔፕታይድን ያህል ሊከብድ ስለሚችል የሞለኪውሉን ጉዞ ይለውጣል፤ ስለዚህ በቀለም የተገኘ ውጤት አይሶቶፕ ለታሰረበት ጠቋሚ ዋስ አይሆንም።

ከአይጥ ወደ ሰው

የሰውን ዒላማ ብቻ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል፣ የሰው ዕጢ በተተከለባት አይጥ ላይ ሲፈተን ከዕጢው በቀር የሚይዘው ነገር አያገኝም። ጀርባው ንጹህ ይሆናል፤ በሰው ላይ ግን ያው ዒላማ በጤነኛ ጉበት ወይም አንጀት ውስጥ ሊኖር ይችላል። በሌላ በኩል በአይጥ ፕላዝማ ውስጥ በሰው ፕላዝማ የሌለ ካርቦክሲልኤስቴሬዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ ኤስተር የተባለ ኬሚካላዊ ማያያዣ ያለበትን ሞለኪውል በደቂቃዎች ውስጥ ሊቆርጠውና ደህናውን ጠቋሚ ደካማ ሊያስመስል ይችላል። ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለው የአንጎል በረኛም በአይጦች ላይ አንዳንድ ጠቋሚዎችን ከሰው ይልቅ አጥብቆ ያስወጣል።

የነርቭ ብግነትን ለማየት የተሠራው ፒቢአር28 ትምህርት ሰጪ ነው። ዒላማው ቲኤስፒኦ የተባለ ፕሮቲን ነው። ሰው ላይ ሲሞከር አንዳንዶች ምንም የማይይዙ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ የፕሮቲኑ 147ኛ አሚኖ አሲድ ከሰው ሰው መለያየቱ ነበር፤ በቦታው አላኒን ያላቸው ጠቋሚውን ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ፤ ከሁለቱም ወላጆች ትሪዮኒን የወረሱት ግን ይለቁታል። እርስ በርስ የሚመሳሰሉ የላብራቶሪ አይጦችን በሺህ ቢደረድሩ ይህ አይታይም ነበር። ስለዚህ አዲስ ጠቋሚ በአይጥ ላይ ሁሉንም ካለፈ በኋላ፣ ከብዙ የተለያዩ ሰዎች በተገኘ የሕብረ ሕዋስ ስስ ቁራጭ ላይ፣ ቁራጩ የያዘውን ጨረር በምስል በሚያሳየው አውቶራዲዮግራፊ ይፈተናል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ኬዲው ለየብቻው ይለካል፤ አማካዩ ብቻ ሳይሆን ከሰው ሰው ያለው ልዩነትም ይጻፋል።